ስለ ባዕድ ቋንቋ ትምህርትና ስለ ባለ ቋንቋው ልማድ

የባዕድ ቋንቋ ትምህርት ለአንድ አገር የሚሰጠው ጥቅም ለማንም የተሰወረ አይደለም። ከውጭ መንግሥታት ጋራ የሚደረገው ውል፣ ከባሕር ማዶ ነጋዴ ጋራ የሚጻፈው ደብዳቤ፣ ሐኪሙና መሐንዲሱ የሚመለከቱት መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ነው። ይህንንም በመረዳት ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በስማቸው የተጠራውን ትምህርት ቤት ባቋቋሙ ጊዜ ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ኢጣልያንኛና ዐረብኛ እንዲሰጥበት አደረጉ። ከዚያ ወዲህ ትውልድ በትውልድ ተተክቶ፣ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃና ከዚያ በላይ ባሉት ትምህርት ቤቶችም የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደነገገ። እንግዲህ የኢትዮጵያ ልጅ ከሕፃንነቱ እስከ ጐልማሳነቱ ድረስ ከዚህ ቋንቋ ጋራ ይኖራል ማለት ነው።

ዳሩ ግን ይህን ያህል ዘመን ተምሮ የወጣው ወጣት ከባለ ቋንቋው ሰው ጋራ በተገናኘ ጊዜ፣ ቃሉን እያወቀ ነገሩ ሲሰወርበት፣ በሰዋስው ሳይሳሳት ሰውን ሲያስቀይም ይታያል። ምክንያቱ ምንድር ነው ቢሉ፣ ቋንቋው የተሰጠው ከባለቤቱ ልማድና ሥርዓት ተለይቶ ስለ ሆነ ነው። ቃል በሰው መካከል ተወልዶ በሰው መካከል የሚኖር ነገር ነው። ማን ለማን እንደሚናገረው፣ በምን ጊዜ እንደሚነገር፣ ቢነገር የሚያስከብር ወይም የሚያስነቅፍ መሆኑ ካልታወቀ፣ ቃሉ በመዝገበ ቃላት ውስጥ እንዳለ ይቀራል። ቃልን ከልማዱ ለይቶ የሚያስተምር መምህር፣ ሥሩን ትቶ ቅርንጫፉን ብቻ ቈርጦ እንደሚተክል አትክልተኛ ነው፤ ቅርንጫፉ ለጥቂት ቀን ይለመልማል፤ ሥር ግን አይሰድም፤ ፍሬም አያፈራም።

ለዚህ ነገር ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻንም። በወሎ፣ በአምባሰል ምድር፣ እርስ በርሳቸው የማይራራቁ ሁለት ምስክሮች ቆመውልናል። አንደኛዋ ግሸን ናት፤ ሁለተኛዋ ውጫሌ ናት።

ግሸን ደብረ ከርቤ በመስቀል አምሳል የተሠራች፣ ዙሪያዋን ገደል ያጠራት፣ መግቢያዋ አንድ በር ብቻ የሆነ አምባ መሆኗን አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። በዐፄ ዳዊት ዘመን የመጣው ግማደ መስቀል በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እጅ በዚያ እንደ ተቀመጠ መጽሐፈ ጤፉት ይናገራል፤ ስለዚህም በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ከአራቱም ማዕዘን ምእመናን ገደሉን እየወጡ ይሳለማሉ። ከዚህም በቀር አምባዋ በመካከለኛው ዘመን የነገሥታት ልጆች በዘብ የሚጠበቁባት ስፍራ ነበረች። ንጉሥ ባረፈ ጊዜ ወንድማማች በዙፋን እየተጣላ አገር እንዳይፈርስ፣ መሳፍንቱ በአምባው ላይ ተቀምጠው ይኖሩ ነበር፤ ይህም ሥርዓት እስከ ግራኝ አሕመድ ጦርነት ድረስ ቆየ።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋራ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በዚህ አምባ ሥር አልፎ ያየውንና የሰማውን ጻፈ። መጽሐፉም በኤውሮጳ ከታተመ በኋላ ወሬው ከአፍ ወደ አፍ፣ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ እየተሻገረ ሄደ። በ1610 ሉዊስ ደ ኡሬታ የሚባል እስፓኛዊ መነኵሴ፣ ኢትዮጵያን በእግሩ ሳይረግጥ፣ ይህንኑ አምባ ታላላቅ ቤተ መንግሥትና መጻሕፍት ቤት የሞሉበት፣ ደስታ የማይጐድልበት ቦታ አድርጎ ጻፈው። የእንግሊዙ ባለቅኔ ሚልተን በ1667 ባሳተመው ታላቅ ግጥሙ ውስጥ የሐበሻ ነገሥታት ልጆቻቸውን የሚያስጠብቁበትን ተራራ ከገነት ጋራ አነጻጽሮ አነሣው። እንደዚህ ሆኖ የመሳፍንቱ እስር ቤት በሰው አገር መጻሕፍት የደስታ አገር ሆነ።

ይህ ነገር ከወዴት መጣ ብለን ብንመረምር፣ አንድም ቃል ጠፍቶ እንዳልሆነ እናገኛለን። ተራራ የሚለው ቃል ተሻግሯል፤ የንጉሥ ልጅ የሚለው ተሻግሯል፤ ዘብና ጥበቃ የሚለውም ተሻግሯል። ያልተሻገረው ልማዱ ነው፤ የኢትዮጵያ ንጉሥ እንዴት እንደሚነግሥ፣ ወንድሞቹ ስለ ምን እንደሚጠበቁ፣ አምባ የሚባለው ለባላገሩ መሸሸጊያ፣ ለመንግሥትም ምሽግ መሆኑ ከቃሉ ጋራ አልሄደም። ስለዚህ አንባቢው ባዶውን ቦታ በገዛ አገሩ ሕልም ሞላው። ልማዱ ያልተነገረው ቃል ሁሉ ዕድሉ ይኸው ነው፤ ሰሚው የራሱን ልማድ ያለብሰዋል።

ኡሬታን ያረመው ሰው ማን እንደ ሆነ ማወቅ ደግሞ ትምህርት ይሰጣል። እርሱም ጴጥሮስ ፓኤዝ የሚባለው ኢየሱሳዊ ነው። በ1603 ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ፣ ግዕዝና አማርኛ ተምሮ፣ ከመኳንንቱና ከሊቃውንቱ ጋራ ውሎ፣ በ1622 እስኪሞት ድረስ በዚሁ አገር ኖሯል። የመጣበትን ጉዳይ አባቶቻችን አልተቀበሉትም፤ የዐፄ ሱስንዮስ ዘመን መከራም የታወቀ ነው። ነገር ግን ስለ አምባችን የተጻፈውን ተረት አንድ በአንድ ሊያፈርስ የቻለው ቋንቋውን ከነልማዱ ስላወቀ መሆኑን መካድ አይቻልም። ሊለውጠን የመጣው ሰው እንኳ ልማዳችንን ለመማር ይህን ያህል ከደከመ፣ እኛ ከእነርሱ ጋራ ልንሠራ ስንፈልግ ልማዳቸውን ሳናውቅ እንዴት ይሆንልናል?

በ1759 ሳሙኤል ጆንሰን የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ የሐበሻውን መስፍን የራስላስን ታሪክ ጻፈ። ይህም መጽሐፍ በሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ ተተርጕሞ በአገራችን ተነቧል። ጆንሰን ወደ ኢትዮጵያ አልመጣም፤ ቀደም ብሎ ግን የኢየሱሳዊውን የሎቦን የጉዞ መጽሐፍ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶት ስለ ነበር፣ ወሬውን ያገኘው ከዚህና ከመሰለው መጽሐፍ ነው። አሁን አንድ የአምባሰል ተማሪ ይህን መጽሐፍ በእንግሊዝኛ አነበበው እንበል። ቃሉን ብቻ የተማረ ከሆነ፣ «ይህ ሰው ስለ አገራችን ሐሰት ጻፈ፤ ተራራውን ሸለቆ አደረገው፤ መሳፍንቱም እንዲህ አልኖሩም» ብሎ መጽሐፉን ይዘጋዋል። የእንግሊዝን ሰው ልማድ የተማረ ከሆነ ግን፣ በዚያ ዘመን የኤውሮጳ ጸሐፊዎች የገዛ ወገናቸውን ለመምከር ሲፈልጉ ነገሩን በሩቅ አገር መስፍን አፍ የማናገር ልማድ እንደ ነበራቸው ያውቃል። ለቅኔ ተማሪ በአጭሩ ለመንገር፣ የመጽሐፉ ሰሙ የኛ አገር ነው፤ ወርቁ ግን የእነርሱ ነው። ሰሙን ይዞ ወርቁን ያጣ ሰው መጽሐፉን አነበበ ሊባል ይቻላልን?

ስለ ግሸን የተነገረው ጉዳት ተረት እስከ መሆን ብቻ ደርሷል። በውጫሌ የሆነው ግን ደም እስከ ማፍሰስ ደረሰ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚያው በአምባሰል ምድር በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክና በኢጣሊያ መንግሥት መልእክተኛ በአንቶኔሊ መካከል የተፈረመው ውል 20 አንቀጽ ነበረው። በ17ኛው አንቀጽ የአማርኛው ጽሑፍ ንጉሠ ነገሥቱ ከኤውሮጳ ነገሥታት ጋራ በሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» አለ። የኢጣልያንኛው ጽሑፍ ግን ይህንኑ ነገር ንጉሠ ነገሥቱ ሊያደርጉት እንደ ተስማሙ አድርጎ ጻፈው። በአማርኛው ፈቃድ የነበረው በኢጣልያንኛው እንደ ግዴታ ተቈጠረ።

ብዙዎች ይህን ታሪክ ሲያነሡ ነገሩን በአንዲት ቃል አተረጓጐም ላይ ይጨርሱታል። ዳሩ ግን ከቃሉ በስተኋላ የቆመ ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም በዚያን ጊዜ የነበረው የኤውሮጳ መንግሥታት ልማድ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1885 በበርሊን በተፈረመው ስምምነት 34ኛ አንቀጽ፣ በአፍሪቃ አገር ላይ የጥበቃ ሥልጣን ያዝሁ የሚል መንግሥት ለቀሩት መንግሥታት ማስታወቅ ነበረበት። ኢጣሊያም በ17ኛው አንቀጽ አሳብቦ ይህንኑ ማስታወቂያ ላከ። ዐፄ ምኒልክ መንገሣቸውን ለኤውሮጳ ነገሥታት ጽፈው ሳለ፣ የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ወደፊት መላላኩ በኢጣሊያ በኩል እንደሚሆን መልስ ሰጡ፤ ያን ጊዜ ነገሩ ገሃድ ሆነ። እንግዲህ «ተስማሙ» የሚለው ቃል በሮማ ገበያ ምን ማለት እንደ ሆነ የሚያውቅ አስተርጓሚ ቢገኝ እንኳ፣ ያው ቃል በበርሊን ወረቀት አጠገብ በተቀመጠ ጊዜ ምን ኃይል እንደሚያገኝ የሚያውቅ ካልሆነ ሊረዳ አይችልም ነበር።

በዚህ ነገር የኢጣሊያ መንግሥት ተንኰል መኖሩን አንስተውም። ተንኰል ግን የሚገባበትን ቀዳዳ ይፈልጋል፤ የሰውን ልማድ አለማወቅም ሰፊ ቀዳዳ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ውሉን በ1885 ዓ.ም. አፈረሱት፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ነገሩ በጦር ተፈረደ፤ በጥቅምት ወር 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው የሰላም ውልም የውጫሌ ውል መሻሩ ታወቀ። በብዕር የተከፈተው ቀዳዳ በሰው ሕይወት ተደፈነ ማለት ነው።

እስካሁን የጠቀስነው ቋንቋን ያለ ልማድ መያዝ ያመጣውን ጉዳት ነው። ቋንቋን ከነልማዱ መማር ያፈራውን በጎ ፍሬ ደግሞ የዚሁ አገር ተወላጅ ያሳየናል። በቤተ አምሐራ ከመካነ ሥላሴ የተነሣው አባ ጎርጎርዮስ በዐፄ ፋሲል ዘመን ከካቶሊክ ካህናት ጋራ ከአገር ወጥቶ በሮማ ይኖር ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1649 ኢዮብ ሉዶልፍ የሚባል የጀርመን አገር ወጣት ወደ እነርሱ ቤት መጣ። ግዕዝ ሊማር እንደሚፈልግ በነገራቸው ጊዜ፣ በዚያ የነበሩት ኢትዮጵያውያን ይህ ነገር ከኢትዮጵያ ውጭ የማይሆን፣ ብዙ ዘመንና ብዙ ድካም የሚያሻው ነው ብለው መለሱለት። የብራና መጽሐፍ ሰጥተው ቢያስነብቡት በንባቡ ሳቁ፤ ያነበበውን ሲተረጕም ግን ሳቃቸው ወደ መደነቅ ተመለሰ። ይህን ሁሉ ሉዶልፍ ራሱ ጽፎታል።

ሳቁም መደነቁም እውነት ነበረው። ወጣቱ ቃሉን ከመጽሐፍ አግኝቶታል፤ ድምፁንና ሕይወቱን ግን አላገኘውም። ስለዚህ አባ ጎርጎርዮስን መምህር አድርጎ ያዘ፤ በ1652ም ወደ ጎታ ከተማ ተጠርቶ መጣ፤ መስፍኑ ኤርነስትም በቤተ መንግሥቱ ተቀበለው። ሁለቱ ሰዎች በመጀመሪያ የሚግባቡት በግዕዝ ነበር። አባ ጎርጎርዮስም ግሥ በማርባት ብቻ አልተወሰነም፤ ስለ ተራራውና ስለ ወንዙ፣ ስለ ነገሥታቱ ተራ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት፣ ባላገሩ ስለሚበላውና ስለሚለብሰው ሁሉ ነገረው። ሉዶልፍ በ1681 ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ በአራት ክፍል የተከፈለ ነው፤ አንደኛው ስለ አገሩና ስለ ሰዉ፣ ሁለተኛው ስለ መንግሥቱ፣ ሦስተኛው ስለ ቤተ ክርስቲያኑ፣ አራተኛው ስለ ቤት ኑሮው ይናገራል። በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አወጣ። አባ ጎርጎርዮስ ይህን ፍሬ ሳያይ በ1658 ወደ አገሩ ሲመለስ መርከብ ተሰብሮበት ሞተ። ቢሆንም በኤውሮጳ የኢትዮጵያ ጥናት የቆመው አንድ የቤተ አምሐራ ካህን ቋንቋን ከነልማዱ በማስተማሩ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ይህን የአስተምህሮ መንገድ አባ ጎርጎርዮስ ከወዴት አገኘው? ከአገሩ ትምህርት ቤት ነው። ግዕዝ ዛሬ እናት ለልጅዋ የምታወርሰው ቋንቋ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ተማሪ በትምህርት የሚገኝ ቋንቋ ነው። ነገር ግን በዋድላ፣ በዋሸራና በጎንጅ የቅኔ ቤቶች ርባ ግሥ ብቻ ተምሮ ቅኔ አወቀ የተባለ ማንም የለም። ተማሪው ግሡን ከያዘ በኋላ ታሪኩን፣ ምሳሌውን፣ የቅዱሳኑን ገድል፣ የነገሥታቱን ዜና ይሰማል፤ እነዚህን ካላወቀ ሰሙን ከወርቁ መለየት አይችልምና። በትርጓሜ ቤትም መምህሩ ንባቡን ከተረጐመ በኋላ «አንድም» እያለ ሐተታውን ያወርዳል፤ የእስራኤል ሰዎች እንዴት ያጭዱ እንደ ነበር፣ ሠርጋቸው እንዴት እንደ ነበር፣ እንግዳ ሲቀበሉ እግር ስለ ምን እንደሚያጥቡ ይነግራል። በሐይቅ እስጢፋኖስ አባ ኢየሱስ ሞዐ ደቀ መዛሙርትን ካስተማሩበት ከ13ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ እስከ ዛሬ፣ ሊቃውንቱ የባዕድን አገር መጽሐፍ ያስተማሩን የባዕዱን አገር ልማድ እየነገሩን ነው። እንግዲህ የምንለምነው ነገር ከውጭ የሚመጣ አዲስ ብልሃት ሳይሆን በገዛ ቤታችን የቆየ ሥርዓት ነው፤ ያጐደልነው ወደ እንግሊዝኛው ክፍል ሳናስገባው መቅረታችን ነው።

በዛሬው ክፍል የሚደረገውን እንመልከት። ተማሪው ግሥ ያረባል፤ ባዶ ቦታ ይሞላል፤ ትክክለኛውን መልስ ያከብባል፤ በፈተናም ያልፋል። ሥራ ይዞ ደብዳቤ በጻፈ ጊዜ ግን፣ እንደ አገሩ ደንብ በረጅም ሰላምታ ጀምሮ ጉዳዩን በመጨረሻ ያስቀምጣል፤ የእንግሊዝ ሰው ግን ጉዳዩን በመጀመሪያው መስመር ይጠብቃልና ሰውዬው ቁም ነገር የለውም ብሎ ያልፈዋል። እንዲሁም የኛ ሹም ያለ ሰላምታ የተጻፈ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ በደረሰው ጊዜ የተናቀ ይመስለዋል። የእንግሊዝ አለቃ «ይህን ልታደርገው ትችል ይሆን?» ብሎ በትሕትና የጠየቀው ትእዛዝ መሆኑን የማያውቅ ሠራተኛ፣ እንደ ጥያቄ ቈጥሮ ሲመቸው ሊሠራው ያቆየዋል። ለማዕድ የተጠራውም ወጣት እንደ አገሩ ጨዋ ልጅ አንድ ጊዜ «ጠግቤአለሁ» ይላል፤ «በሞቴ» ብሎ የሚያጐርሰው ይጠብቃል፤ ባለቤቱ ግን ቃሉን አምኖ ገበታውን ያነሣል። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ አንድም የሰዋስው ስሕተት የለም።

ነገሩ በኛ በኩል ብቻ አይደለም። አማርኛ ከመጽሐፍ የተማረ የውጭ አገር ሰው በመጀመሪያ ያጠናው ቃል «አንተ» ስለ ሆነ፣ ሽማግሌውን ቄስ «አንተ» ብሎ ይጠራል። «እሺ» የሚለውን ቃል እንደ ተፈረመ ውል ይቈጥራል፤ ባላገሩ ግን አንዳንድ ጊዜ እንግዳውን ለማክበርና መስማቱን ለመግለጽ ብቻ «እሺ» እንደሚል አላስተማሩትም። ከዚያ በኋላ አንዱ ሌላውን ዋሾ ወይም ባለጌ ይለዋል፤ ሁለቱም ግን በየልማዳቸው ጨዋ ነበሩ።

በግሸን ይህ ነገር ምን ያህል እንደሚያሻ መገመት አያዳግትም። መስከረም ማለት ሴፕቴምበር ነው ብሎ ብቻ የተማረ መሪ ለእንግዳው የበዓሉን ቀን ሲነግር፣ እንግዳው ዐሥር ቀን ያህል ቀድሞ ይደርሳል፤ መስከረም 21 በፈረንጆች ኦክቶበር መባቻ ላይ ይውላልና። «በሦስት ሰዓት እንነሣለን» ያለውም ሰው ረፋድን ሲያስብ፣ እንግዳው ሌሊትን ወይም ከቀትር በኋላን ይጠብቃል። ጾም የሚለውን በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ብቻ የመለሰለት እንደ ሆነ፣ እንግዳው ጿሚው ከቀትር በኋላ ሽሮውን ሲበላ አይቶ ጾሙን ሻረ ብሎ ያስባል፤ ከሥጋና ከወተት መከልከሉ የጾሙ ሥርዓት መሆኑ አልተነገረውምና። ታቦት የሚለውን ቃል ያለ ሐተታ የመለሰ እንደ ሆነም፣ እንግዳው ላሳየኝ ብሎ ይለምናል፤ ሲከለከልም ይቀየማል። በዚህ ዓይነት የግሸን ታሪክ እንደ ኡሬታ ዘመን እንደ ገና ከቃሉ ተለይቶ ይሄዳል። በዚያን ጊዜ ተረቱን የጻፉት የሩቅ ሰዎች ነበሩ፤ ዛሬ ግን በገዛ ልጆቻችን አፍ እንዳይጻፍ መጠንቀቅ ይገባል።

አንዳንድ ሰዎች ይህን አሳብ ሲሰሙ፣ የባዕድን ልማድ ማስተማር ወጣቱን ከአባቶቹ ልማድ ያርቀዋል ብለው ይሠጋሉ። ሥጋታቸው ከፍቅረ አገር የተነሣ ስለ ሆነ ልናቃልለው አይገባንም። ነገር ግን ማወቅና መከተል ሁለት ነገሮች ናቸው። የኦሪትን መሥዋዕት ሥርዓት ጠንቅቆ የሚያስተምር መምህር በግ አይሠዋም። የባዕድን ልማድ እንደ ልማድ የተማረ ልጅ የእነርሱ መሆኑን ያውቃልና ከራሱ ለይቶ ያየዋል፤ ይልቁንም የራሱን ልማድ ከሌላው ጋራ አስተያይቶ ማስተዋል የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። ሳይማረው በሥዕልና በዘፈን ብቻ የሚደርሰው ግን ልማዱን ከሥልጣኔ ሳይለይ ሁሉንም አብሮ ይውጠዋል። ስለዚህ የሚያስፈራው አለማስተማሩ ነው።

ሌሎችም ደግሞ እንግሊዝኛ ዛሬ የእንግሊዝ ብቻ ስላልሆነ የማንን ልማድ እናስተምር ይላሉ። ይህ በእውነት የሚገባ ጥያቄ ነው። ቋንቋው የአሜሪካም፣ የሕንድም፣ የናይጄሪያም፣ የጎረቤታችን የኬንያም መነጋገሪያ ሆኗል። መልሱ ግን ማስተማሩን መተው አይሆንም፤ ተማሪው የሚያነጋግረው ሰው ከወዴት እንደ ሆነ፣ በአገሩ ክብር በምን እንደሚገለጽ፣ እምቢታ በምን ቃል እንደሚነገር መጠየቅን እንዲለምድ ማድረግ ነው። የሁሉን አገር ልማድ መዘርዘር የሚችል መምህር የለም፤ ጠያቂ ተማሪ ማውጣት ግን ይቻላል።

ጊዜው አይበቃም የሚሉም አሉ። ለዚህ አዲስ ሰዓት አያስፈልግም፤ የትርጓሜ መምህር ለሐተታ ሌላ ቀን አይቀጥርም፤ ንባቡ በወጣበት ቦታ ያወርደዋል እንጂ። የእንግሊዝኛውም መምህር ሰላምታ ሲያስተምር የሰላምታን ሥርዓት፣ ደብዳቤ ሲያስተምር የደብዳቤን ልማድ በዚያው ሊናገር ይችላል።

እንግዲህ ነገሩ በምኞት እንዳይቀር፣ ለሚመለከታቸው ሁሉ እነዚህን ነገሮች እናሳስባለን።

አንደኛ፤ የቋንቋ መማሪያ መጻሕፍት የሚያዘጋጁ ሰዎች በየትምህርቱ መጨረሻ አጭር ሐተታ ይጨምሩ፤ ቃሉን ማን ለማን እንደሚናገረው፣ በኛ አገር የሚመሳሰለው ልማድ ምን እንደ ሆነና በምን እንደሚለይ ያመልክቱ።

ሁለተኛ፤ መምህራን የሚሠለጥኑባቸው ቤቶች ሰዋስውን በማስጠናት ብቻ አይወሰኑ። ያላወቀ ሊያሳውቅ አይችልምና፣ የባለ ቋንቋውን ታሪክ፣ ሥነ ጽሑፍና አኗኗር ለመምህሩ አስቀድመው ይስጡት።

ሦስተኛ፤ በመሥሪያ ቤቶች የባዕድ ቋንቋ ውል በሚፈረምበት ጊዜ ሁለቱ ጽሑፎች ጐን ለጐን ይነበቡ፤ ቋንቋውን ከሚያውቀው ሰው ጋራ የዚያን አገር የሕግና የውል ልማድ የሚያውቅ ሰው አብሮ ይቀመጥ። ውጫሌ በአምባሰል መኖርዋን የሚያስታውስ ሹም ይህን ምክር እንደ ብዙ ነገር አይቈጥረውም።

አራተኛ፤ በግሸንና እንደ ግሸን ባሉ ታላላቅ ገዳማትና አድባራት ያሉ ሊቃውንት፣ እንግሊዝኛ ከተማሩት የአገሩ ልጆች ጋራ ተቀምጠው፣ እንግዳ የሚጠይቃቸውን ቃላት አንድ በአንድ ይጻፉ። ታቦት፣ ግማደ መስቀል፣ ማኅሌት፣ ስእለት፣ ጾም፣ ደብር፣ ገዳም የሚሉት ቃላት በአንድ ቃል አይመለሱም፤ ሐተታ ያሻቸዋል። ሐተታውን የሚያውቁት ሊቃውንቱ ናቸው፤ ቋንቋውን የያዙት ወጣቶቹ ናቸው። እነዚህ ሁለቱ ካልተገናኙ ሊቁ ዲዳ፣ ወጣቱም ባዶ ሆኖ ይቀራል።

ይህ የመጨረሻው ሥራ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። በሮማ አንድ ካህንና አንድ ወጣት በአንድ የብራና መጽሐፍ ፊት ተቀምጠው የጀመሩት ነገር ሦስት መቶ ሰባ ዓመት ያለፈው ሥራ ወልዷል። ያ ካህን የሄደው ከዚሁ ከወሎ ምድር ነው፤ የሚያስተምረውንም ሰው ያገኘው በባዕድ አገር ነው። ዛሬ እንግዳው ራሱ ገደሉን ወጥቶ ወደ ግሸን በር ይመጣል። በበሩ የሚቀበለው ልጃችን ቃልን ከነልማዱ የሚያውቅ፣ የእንግዳውን ሥርዓት ተረድቶ የገዛ አገሩን ሥርዓት የሚያስረዳ እንዲሆን፣ ባለሥልጣኖችም ሊቃውንትም በየድርሻቸው እንዲተጉ እንለምናለን።